የደረት ግፊት ጥልቀት ይለካ፤ የሚለካው ሴንሰርም ይፈተሽ
(ግልጽ ደብዳቤ)

ለ፦ በጎንደር ከተማና አካባቢዋ የመጀመሪያ ዕርዳታና የሲፒአር (ልቡ የቆመን ሰው ደረቱን በመጫንና ትንፋሽ በመስጠት የመርዳት) ሥልጠና ለሚሰጡ ተቋማት
ለሆስፒታሎችና ለጤና ጣቢያዎች የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ኃላፊዎች
ለሥልጠና ዕቃ ግዢ ክፍሎች

ጉዳዩ፦ በሲፒአር ሥልጠና የደረት ግፊት ጥልቀት በሴንሰር እንዲለካ፣ ሴንሰሩም አገልግሎት ላይ ከመዋሉ በፊት በማስመሪያ እንዲፈተሽ ስለመጠየቅ

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣ ውድ የሙያ አጋሮቻችን፤

ልቡ የቆመ አዋቂ ሰው ደረቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ግፊት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ከ6 ሴንቲ ሜትር ሳያልፍ መጫን እንዳለበት ሠልጣኞቻችን ሁሉ ያውቃሉ። የጽሑፍ ፈተና ላይ ይህን የሚስት የለም። ማኒኪኑ (የሰው ቅርጽ ያለው የመለማመጃ አሻንጉሊት) ላይ ሲንበረከኩ ግን 5 ሴንቲ ሜትሩ መድረስ አለመድረሱን የሚወስነው የአሠልጣኙ ዓይን ነው። «ጠንከር አድርጊው»፣ «ጥሩ ነው፣ ቀጥል» ይባላል፣ ሰርተፍኬት ይሰጣል። ዓይን ምቱን ደህና አድርጎ ይገምታል፤ ጥልቀት ላይ ግን ይሸነፋል። ከላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው 4 ሴንቲ ሜትርና 5 ሴንቲ ሜትር አንድ ናቸው፤ ሠልጣኙ ትከሻውን በኃይል ካወዛወዘና ላብ ካላበው ደግሞ 4ቱ 6 ይመስላል።

ይህ የኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ኩወንሆቨን፣ ጁድና ኒከርቦከር በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ደረትን ሳይከፍቱ ልብን የማሸት ዘዴን ካሳተሙበት ከእ.ኤ.አ. 1960 ጀምሮ ለአርባ ዓመት ያህል፣ በእውነተኛ ሕመምተኛ ላይ ደረቱ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚወርድ በተግባር የሚለካው አልነበረም። አክስለሮሜትር (እንቅስቃሴ የሚለካ ሴንሰር) ከዲፊብሪሌተር (ልብን በኤሌክትሪክ ንዝረት ወደ ምቱ ከሚመልስ መሣሪያ) ጋር ተያይዞ መለካት ሲጀመር ውጤቱ አስደነገጠ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው የአውሮፓ የአምቡላንስ ጥናት የሠለጠኑ ባለሙያዎች አማካይ ጥልቀት 34 ሚሊ ሜትር ብቻ እንደነበር አሳየ፤ በጊዜው የሚፈለገው ከ38 እስከ 51 ነበር። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2019 ጀምሮ በአዋቂ ሲፒአር ሥልጠናዎቹ ሁሉ ጥልቀትና ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ መኖሩን ግዴታ አድርጓል። እውነቱን ሙሉ ለማስቀመጥ፣ በሕመምተኛ ላይ እንዲህ ያለ መሣሪያ መጠቀም በሕይወት የሚተርፉትን ቁጥር ይጨምራል ወይ በሚለው ላይ ጥናቶች አይስማሙም። ሠልጣኝ በትክክለኛው ጥልቀት መጫን እንዲለምድ ማድረጉ ግን አላከራከረም።

ጎንደር እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ የሚሠለጥንባት ከተማ ናት። እዚህ የሚሰጥ ሰርተፍኬት የሚለካ ነገር ላይ ቢመሠረት ተገቢ ነው እንላለን። የምንጠይቀው ውድ ማኒኪን እንዲገዛ አይደለም። ያለው ማኒኪን ላይ አነስተኛ ሴንሰር በትክክል ቢገጠም ይበቃል። ችግሩ ያለው «በትክክል» የሚለው ላይ ስለሆነ የደብዳቤያችን አብዛኛው ክፍል ስለዚሁ ነው። ስህተት የሚያነብ ሴንሰር ከአሠልጣኝ ዓይን ይብሳል፤ ሰው ቁጥር ሲያይ መጠራጠር ያቆማልና።

አክስለሮሜትር ጥልቀትን በቀጥታ አይለካም። የሚለካው ሽምጠጣን፣ ማለትም የፍጥነትን ለውጥ ነው። ሽምጠጣው በጊዜ ላይ አንድ ጊዜ ሲደመር ፍጥነት፣ ሁለተኛ ሲደመር ርቀት ይወጣል። መጠኑን ለማወቅ ያህል፦ በደቂቃ 110 ምት፣ በ5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ እንቅስቃሴው ለስላሳ ሞገድ ነው ብለን ብናሰላ ከፍተኛው ሽምጠጣ በሰከንድ ካሬ 3.3 ሜትር ገደማ ነው፤ ከመሬት ስበት ሲሶ ያህል ማለት ነው። የሰው ግፊት ግን ለስላሳ ሞገድ አይደለም፤ ታች ሲደርስ ይነርታል። ስለዚህ ኤምፒዩ 6050ን የመሰለ በየቦታው የሚገኝ ሴንሰር ስትጠቀሙ መለኪያውን በ±2 ጂ (አንድ ጂ የመሬት ስበት መጠን ነው) ላይ አትተዉት፤ ጫፉ ይቆረጥና ጥልቀቱ ያንሳል። በ±4 ጂ ላይ አድርጉት፤ በዚያ ላይ አንድ ጂ 8192 ቁጥር ነው፣ ለሥራው ከበቂ በላይ ነው። ማኒኪናችሁ ጠንካራ ሆኖ ታች ሲደርስ ቋ የሚል ከሆነ ወደ ±8 ጂ ከፍ አድርጉት።

ብዙ ሙከራ የሚበላሸው ሁለት ጊዜ መደመሩ ላይ ነው። ሴንሰሩ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎም ፍጹም ዜሮ አያነብም። ዕቃ ሳይጫንበት ከዜሮ በላይ እንደሚያሳይ የገበያ ሚዛን ነው፤ ልዩነቱ ይህኛው በየሰከንዱ ስህተቱን ራሱ ላይ ይደምራል። የዜሮ ስህተቱ የመሬት ስበት አንድ መቶኛ ብቻ ቢሆን ከ1 ሰከንድ በኋላ ርቀቱ 4.9 ሴንቲ ሜትር ይስታል፤ ከ10 ሰከንድ በኋላ 4.9 ሜትር። አንድ ሙሉ ግፊት የሚያክል ስህተት በአንድ ሰከንድ ማለት ነው። ኢንተርኔት ላይ ያገኙትን ኮድ ገልብጠው «ሴንሰሩ አይሠራም» ብለው የሚተዉ ተማሪዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ሴንሰሩ ይሠራል፤ የጎደለው የሒሳቡ መላ ነው።

መላው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በእያንዳንዱ ግፊት መጀመሪያ ላይ ፍጥነቱንም ርቀቱንም ወደ ዜሮ መመለስ ነው። ግፊቱ መቼ እንደጀመረ ለማወቅ ከሴንሰሩ ሥር ቀጭን የጫና ሴንሰር ይጨመራል። በደቂቃ 110 ሲጫን አንዱ ዙር 0.55 ሰከንድ ገደማ ስለሆነ ስህተቱ የሚጠራቀምበት ጊዜ አያገኝም። ደካማ ጎኑ ሠልጣኙ ደረቱን ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ሲቀር ነው፤ ያን ጊዜ መነሻው የቱ እንደሆነ መሣሪያው ይምታታበታል።

ሁለተኛው፣ እኛ የምንመርጠው፣ በጊዜ ላይ ጭራሽ አለመደመር ነው። በሰከንድ 100 ጊዜ አንብቡ፤ ሴንሰሩ ውስጥ ያለውን ፊልተር 44 ኸርዝ (በሰከንድ 44 ዙር) ላይ አድርጉት። የ2 ሰከንድ ንባብ፣ 200 ቁጥር ማለት ነው፣ ውሰዱና የምቱን ዋና ድግግሞሽ ፈልጉ፤ እሱንና ቀጣዮቹን ሁለት እጥፎች ብቻ አስቀሩ። ለእያንዳንዱ ድግግሞሽ ሁለት ፓይን በድግግሞሹ አባዙና ብዜቱን ካሬ አድርጉ፣ የሽምጠጣውን ስፋት ለዚያ አካፍሉት፣ ምልክቱን ገልብጡ፣ መልሳችሁ ደምሯቸው። የሚወጣው የአንድ ሙሉ ዙር የርቀት ሞገድ ነው፤ ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ያለው ጥልቀቱ ነው። የዜሮ ስህተቱ ድግግሞሽ ስለሌለው ከመጀመሪያው ይጣላል። ዝቅተኛ ድግግሞሾችን «ለማንኛውም» ብላችሁ አታስገቡ፤ በካሬ ስለምታካፍሉ 0.2 ኸርዝ ላይ ያለ ትንሽ ኖይዝ 1.83 ኸርዝ ላይ ካለው ምት ጋር ሲነጻጸር 84 ጊዜ ይገዝፋል። ሠልጣኙ ለትንፋሽ ሲያቆም ግማሹ ግፊት፣ ግማሹ ዝምታ የሆነ መስኮት ይፈጠራል፤ ያን ጣሉት እንጂ ጥልቀት ብላችሁ አታሳዩት።

በዚህ መንገድ የማይታይ አንድ ነገር አለ። ሠልጣኙ በሁለት ግፊት መሐል ክብደቱን ደረቱ ላይ ሲያሳርፍ ልብ በቂ ደም አይሞላም፤ 5 ሴንቲ ሜትሩም ከንቱ ይሆናል። አክስለሮሜትር እንቅስቃሴን እንጂ አቀማመጥን ስለማያውቅ፣ ደረቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር እስከ 6 ቢመላለስም ከዜሮ እስከ 5 ቢመላለስም ያው 5 ብሎ ያነባል። ይህን የሚይዘው የጫና ሴንሰር ነው፤ ሲለቀቅ ከ2.5 ኪሎ ግራም በላይ ከቀረ ሠልጣኙ ተደግፏል። የጫና ሴንሰሩን ግን የጥልቀት መለኪያ አታድርጉት። የሰው ደረት ጥንካሬ ከሰው ሰው በጣም ስለሚለያይ አንዱን 5 ሴንቲ ሜትር ያወረደ ክብደት ሌላውን 3 ላይ ያስቀረዋል።

ስለ አገጣጠሙ። ሴንሰሩ የሚቀመጠው በደረት አጥንቱ የታችኛው ግማሽ ላይ፣ በመዳፍ ተረከዝና በማኒኪኑ መሐል ነው። የእጅ አንጓ ላይ በላስቲክ ማሰር ይቀላል፤ ነገር ግን አንጓ ይዞራል፣ ክርን ይታጠፋል። በቁጥር ሲታይ፦ ሴንሰሩ ጠፍጣፋ ተቀምጦ በእያንዳንዱ ግፊት እስከ 10 ዲግሪ ቢዘነብል በ110 ምት የሚመጣው ስህተት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መነሻው ራሱ 20 ዲግሪ ዘንብሎ በ15 እና በ25 መሐል ከተወዛወዘ ግን የመሬት ስበቱ ብቻ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ያስታል፤ በዚያ ላይ ማዘንበሉ የቁልቁሉን እንቅስቃሴ በ6 ከመቶ ያሳንሰዋል። አንጓ ላይ የታሰረ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይወድቃል።

ሴንሰሩን እጅ የማይቆርጥ፣ ውፍረቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ጠንካራ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ አስገቡት፤ ውስጡ እንዳይንቀሳቀስ በትኩስ ሙጫ ይያዝ። ሽቦዎቹን በይዷቸው እንጂ በሚሰካ ጫፍ አትተማመኑ። አሥር ሠልጣኞች እያንዳንዳቸው ሁለት ደቂቃ ቢጫኑ 2,200 ግፊት ነው፤ የሚሰካ ሽቦ ያን አይችልም፣ እየተላቀቀ በመሐል የሚዘል ንባብ ይሰጣል፤ የሚዘል ንባብ ደግሞ በሒሳቡ ውስጥ ጥልቅ ግፊት መስሎ ይወጣል። በሴንሰሩና በማይክሮኮንትሮለሩ (ንባቡን በሚያሰላው ትንሽ ኮምፒውተር) መሐል ያለው ሽቦ ከ30 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። መብራት በሥልጠና መሐል መሄዱ የተለመደ ስለሆነ ከመነሻው በ3.7 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ይሠራ።

ስልክ መጠቀም ለሚፈልጉም አንድ ማሳሰቢያ አለን። አብዛኛው ስልክ ጥሩ አክስለሮሜትር አለው፤ ነገር ግን በሰከንድ 100 ጊዜ አንብብ ሲባል 90 ጊዜ ሊያነብ ይችላል። ፕሮግራሙ ከእያንዳንዱ ንባብ ጋር የሚመጣውን ሰዓት ትቶ «100 ነው» ብሎ ካሰላ፣ ጊዜው በካሬ ስለሚገባ እውነተኛው 5 ሴንቲ ሜትር 4 ሆኖ ይታያል። ምልክቱን ማወቅ ቀላል ነው፦ በ110 ሜትሮኖም (ምት ጠባቂ ድምፅ) እየተጫነ ስክሪኑ 122 ካለ ጥልቀቱንም አትመኑ።

አሁን ወደ ፍተሻው። ከሁሉ በፊት ሴንሰሩን አብርታችሁ ጥቂት ደቂቃ ተዉት፤ የጎንደር ጠዋት ብርድና የቀትር ፀሐይ የዜሮ ንባቡን ይለውጡታል። ከዚያ ሣጥኑን በስድስቱም ገጽ ተራ በተራ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ለ10 ሰከንድ አስቀምጡ። በአንድ ዘንግ ወደ ላይና ወደ ታች ሲሆን ያነበባቸው ሁለት ቁጥሮች ድምር ግማሽ የዜሮ ስህተቱ ነው፣ ልዩነታቸው ግማሽ ደግሞ የአንድ ጂ መጠኑ ነው። እነዚህን በሣጥኑ ጀርባ ላይ ከቀኑ ጋር ጻፉ።

ቀጥሎ ማኒኪኑን ምንም ሳይነጠፍ ሲሚንቶ ወለል ላይ አስተኙ። ማስመሪያ በጎኑ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፤ በደረቱ ላይ ሴንሰሩ አጠገብ ጠቋሚ ስንጥር ለጥፉ። ስልክ በማስመሪያው ትክክል፣ ከፍታውን አስተካክላችሁ፣ በሰከንድ 60 ምስል ቅረጹ፤ ከላይ ወይም ከታች ሆኖ የሚቀርጽ ስልክ ማስመሪያውን ያዛባል። በ100፣ በ110 እና በ120 ምት፣ በእያንዳንዱም አንዴ ወደ 4፣ አንዴ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር እያነጣጠራችሁ ሠላሳ ሠላሳ ጊዜ ተጫኑ። ከቪዲዮው የተነበበውንና ሴንሰሩ ያለውን አወዳድሩ። እኛ የምንቀበለው አማካይ ልዩነቱ 3 ሚሊ ሜትር ውስጥ፣ አንዱም ግፊት ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ያልሳተበትን ነው። በ4 ሴንቲ ሜትር የሚስማማና በ5 የሚያንስ ከሆነ ጫፉ እየተቆረጠ ነው፤ መለኪያውን ወደ ላይኛው ጂ ቀይሩ። በ100 ደህና ሆኖ በ120 ከሳተ የጊዜ አቆጣጠሩን መርምሩ።

ሲሚንቶ ወለል ያልነው በምክንያት ነው። ሴንሰሩ የሚያውቀው ራሱ ምን ያህል እንደወረደ ብቻ ነው፤ ደረቱ ወረደ ወይስ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ፣ አይለይም። 5.5 ሴንቲ ሜትር ሲያሳይ ፍራሹ 2 ሴንቲ ሜትር ሰምጦ ከሆነ ደረቱ የተጫነው 3.5 ብቻ ነው፣ አረንጓዴው መብራት ግን በርቷል። አዳራሽ ውስጥ ለጉልበት እንዲመች ተብሎ ማኒኪኑን ስፖንጅ ላይ አስተኝቶ ማሠልጠን ይህን ስህተት ያስተምራል፤ ስፖንጁ ለሠልጣኙ ጉልበት ይሁን። የአልጋ ላይ ሲፒአር ለመለማመድ ከጀርባ ሥር ጠንካራ ጣውላ ይግባ፤ ጣውላው የፍራሹን መስመጥ ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። በአልጋ ላይ እውነተኛውን ቁጥር የሚፈልግ ሁለተኛ ሴንሰር ከጀርባ ሥር በጣውላው ላይ ያስቀምጥና የታችኛውን ሽምጠጣ ከላይኛው ይቀንስ፤ ሁለቱ በአንድ ቅጽበት መነበብና ወደ አንድ አቅጣጫ መዞር አለባቸው። በኤምፒዩ 6050 ኤዲ ዜሮ የሚባለውን እግር ከ3.3 ቮልት ጋር ማገናኘት ለሁለተኛው የተለየ አድራሻ ይሰጠዋል፣ ስለዚህ ሁለቱም በአንድ መስመር ይነበባሉ። ከአዘዞ ወደ ከተማ በሚሮጥ አምቡላንስ ውስጥ ደግሞ የመኪናው ንረት ራሱ ሽምጠጣ ስለሆነ የአንድ ሴንሰር ንባብ እምነት አይጣልበትም።

በክፍል ውስጥ ስክሪን ላይ ቁጥር አትደርድሩ። ሠልጣኝ ቁጥር ለማየት አንገቱን ሲያዞር ክርኑ ይታጠፋል። ሦስት መብራት፣ ከ5 በታች ቢጫ፣ ከ5 እስከ 6 አረንጓዴ፣ ከ6 በላይ ቀይ፣ እና በ110 የሚመታ ድምፅ ይበቃል። የመጀመሪያውን ሁለት ደቂቃ መብራቱን ሸፍናችሁ አጫኑ፤ ቀጥሎ ገልጣችሁ፤ ለፈተናው መልሳችሁ ሸፍኑ። አለዚያ የምትፈትኑት መብራት መከተሉን ነው። የሁለቱን ደቂቃ ንባብ በግራፍ አሳዩት፦ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ጥልቀቱ ሲቀንስ፣ ሠልጣኙ ራሱ ሳይታወቀው እንደደከመ በዓይኑ ያየዋል። በየሁለት ደቂቃው ተቀያየሩ የሚለው መመሪያ ያን ጊዜ ይገባዋል። ክህሎቱ በወራት ውስጥ ስለሚጠፋም በዓመት አንዴ ሙሉ ቀን ከማሠልጠን በየሦስት ወሩ አጭር ልምምድ ማድረግ ይሻላል። ለጥምቀት በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ የሚሰማሩ በጎ ፈቃደኞች ልምምዳቸው በታኅሣሥ ቢሆን እንመክራለን። ለእነሱ ማኒኪኑ ላይ ትንፋሽም አብሮ ይለመድ፤ ውኃ ውስጥ የሰጠመ ሰው ትንፋሽ አጥቶ ነው ልቡ የሚቆመው፣ ይህን ደግሞ የጥልቀት ሴንሰር አይለካም።

በቤት ውስጥ የተሠራ መሣሪያ ለማኒኪን ብቻ ነው። ሕመምተኛ ላይ እንዳይደረግ አጥብቀን እናሳስባለን። ዲፊብሪሌተር እስከ 360 ጁል ይለቃል፤ በአግባቡ ያልታሸገና ከኮምፒውተር በገመድ የተያያዘ ሣጥን ለሚጫነው ሰው አደጋ ነው። ለሕመምተኛ የሚሆነው ለዚያ ተሠርቶ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መሣሪያ ነው። የሕፃናትንም በዚህ ሣጥን አትለኩ፤ የጨቅላ ደረት 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በሁለት አውራ ጣት ወይም በአንድ እጅ መዳፍ ተረከዝ ነው የሚጫነው፣ ሣጥኑ ከቦታው ይሰፋል።

የግዢ ክፍሎችን በተለይ የምንለምነው ይህን ነው። «ፊድባክ ያለው ማኒኪን» የሚል አንድ መስመር ብቻ ጽፋችሁ ጨረታ አታውጡ። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ብቻ ያለው ማኒኪንም ያን መስመር ያሟላል፤ ቀጩ ደግሞ ስፕሪንጉ ሲላላ በ4 ሴንቲ ሜትር መጮህ ይጀምራል። ጥልቀትን በሚሊ ሜትር እንዲያሳይ፣ በሙሉ አለመልቀቅን ለይቶ እንዲያሳውቅ፣ ንባቡን በፋይል እንዲሰጥ፣ መለዋወጫ ስፕሪንግና የደረት ቆዳ እንዲኖረው፣ በርክክቡ ዕለት ደግሞ ከላይ በገለጽነው የማስመሪያ ፍተሻ እንዲያልፍ መስፈርቱ ላይ ይጻፍ። ፍተሻው ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ ያላለፈ ዕቃ ይመለስ።

ማኒኪን ያለው ማንኛውም ተቋም ሴንሰር መግጠምና ከማስመሪያ ጋር ማስተያየት ቢፈልግ እኛ ያለ ክፍያ አብረን እንሠራለን፤ ኮዱንና የፍተሻ ቅጹንም እንሰጣለን። ከእናንተ የምንፈልገው ሲሚንቶ ወለል ያለው ክፍል፣ አንድ ማኒኪን፣ እና ከሚቀጥለው ዙር ጀምሮ በሰርተፍኬቱ ላይ የሠልጣኙ አማካይ ጥልቀትና በትክክል የተለቀቁ ግፊቶች መቶኛ እንዲጻፍ የሚል ውሳኔ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

በጎንደር በሕክምና መሣሪያ ጥገናና በድንገተኛ ሕክምና ሥልጠና ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች